ለፍቅረኛዬ ክሮስድሬሰር መሆኔን እንዴት ልንገራት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንድ ነኝ። የሴት ልብስ መልበስ እወዳለሁ። ባለትዳርም ነኝ። ለባለቤቴ ግን በጊዜ አልነገርኳትም፤ ከተጋባን ከአራት ዓመት በኋላ ራሷ ደረሰችበት። እንዴት እንደደረሰችበት ከታች እጽፈዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደኔ ካሉ ብዙ ሰዎች ጋር አውርቻለሁ፣ የሚያስጨንቃቸው ነገር በጣም ይመሳሰላል፣ እዚህ የሰበሰብኩትም እሱን ነው። የጻፍኩት ወንድ ለሴት ፍቅረኛው እንደሚናገር አድርጌ ነው፣ በብዛት የሚመጣው ጥያቄ እንደዚያ ስለሆነ። አንቺ የወንድ ልብስ የምትለብሺ ከሆንሽ፣ ወይም ፍቅረኛህ ወንድ ከሆነ፣ አብዛኛው ለናንተም ይሠራል።

ክሮስድሬሰር ስንል ግን ምን ማለታችን ነው?

የሌላው ጾታ ነው ተብሎ የሚታሰብ ልብስ መልበስ የሚወድ ሰው ማለት ነው። በቃ። አንዱ ከሱሪው ስር ስቶኪንግ ብቻ ያደርጋል። ሌላው በሩን ቆልፎ ቀሚስ ለብሶ መጽሐፍ ያነባል። ሌላው ዊግና ሜካፕ አድርጎ፣ ለራሱ የሴት ስም አውጥቶ፣ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ምክንያቱም እንደየሰዉ ነው። ለአንዳንዱ እረፍት ነው፣ ቀኑን ሙሉ የተሸከመውን የሚያወርድበት ሰዓት። ለአንዳንዱ ወሲባዊ ስሜት አለበት፣ በተለይ በወጣትነት። ብዙዎቻችን ሁለቱንም እናውቀዋለን። አንተ የትኛው እንደሆንክ ቀድመህ ለራስህ መልሰው፣ መጠየቅህ አይቀርምና።

በነገራችን ላይ የሴት ልብስ፣ የወንድ ልብስ የሚባለው ነገር ራሱ ቋሚ አይደለም። ፓሪስ ውስጥ ሴት ያለ ፖሊስ ፈቃድ እንደ ወንድ እንዳትለብስ የሚከለክል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1800 ወጥቶ ነበር፤ መሻሩ በይፋ የተነገረው በ2013 ነው። ፍቅረኛህ ሱሪ ለብሳ ይህን ወሬ ስትሰማህ ይህን መንገር ሊረዳ ይችላል፣ እንደ ክርክር ካላቀረብከው።

ግድ መናገር አለብኝ?

ለሦስት ሳምንት ለምታውቃት ልጅ የለብህም። አብረሃት ልትኖር ላሰብካት ሴት ግን አዎ፣ እኔ አለብህ ባይ ነኝ።

ልብሱን መደበቅ ያን ያህል አይከብድም፣ አንድ ሻንጣ ይበቃል። የሚከብደው ከሻንጣው ጋር የሚመጣው ውሸት ነው። እግርህን ስትላጭ ለስፖርት ነው ትላለህ። ቅዳሜ አብረሃት እንዳትሄድ አሞኛል ትላለህ። ጥፍርህ ጥግ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም ስታየው እስክሪብቶ ፈሶብኝ ነው ትላለህ። እሷ ደግሞ ሞኝ አይደለችም። ከቤት ስትወጣ ፊትህ እንደሚበራ ታያለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም፣ ሰው ደግሞ ያላወቀውን በራሱ ይሞላዋል፤ እሷ የምትሞላው ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው።

መቼ ልንገራት?

ግንኙነቱ የምር መሆኑን ሁለታችሁም ስታውቁ፣ ግን ለመመለስ የሚያስቸግር ነገር ከመደረጉ በፊት። ማለትም ከቀለበት በፊት፣ አንድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ ከልጅ በፊት። ከሠርጉ ዋዜማ የከፋ ጊዜ ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም እምቢ ማለት የማትችልበት ሰዓት ነው። ያ ምርጫ መስጠት አይባልም።

ካለፈብህስ? እንደኔ ካገባህ በኋላ ከሆነስ? የዘገየ ካልተነገረ ይሻላል። ግን ሁለት ነገር እንደምትናገር እወቅ፤ አንዱ ልብሱ፣ ሌላው የደበቅክባቸው ዓመታት። ሁለተኛውን ሳትጠየቅ አንተው አንሳው።

ስትጣሉ አትናገር። ጠጥተህ አትናገር። ሐዘን ላይ ስትሆን፣ ወይ ጠዋት ለሥራ ስትጣደፍ፣ ወይ አልጋ ላይ ሆናችሁ አይሆንም። ከተናገርክ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ቀን የምትቀመጡበት ጊዜ ይኑራችሁ። ደግሞ «ትክክለኛው ቀን» እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው የምትል ከሆነ፣ እኔም አራት ዓመት ስጠብቀው ነበር።

ከመናገሬ በፊት ምን ላስብበት?

መጀመሪያ ደህንነትህን። እንዲህ መልበስ በሕግ የሚያስቀጣበት ቦታ የምትኖር ከሆነ፣ ወይም ወሬው ቢወጣ ከእሷም ሆነ ከቤተሰቧ ለሕይወትህ የምትፈራ ከሆነ፣ ከላይ ያልኩትን «አለብህ» እርሳው። ቅድሚያ በሕይወት መኖር ነው። የምትሄድበት ቦታና የምታምነው አንድ ሰው ሳይኖርህ አትጀምረው።

በጽሑፍ መልእክት አትንገራት። ፎቶም አትላክ። የማታምናት ሆና አይደለም፤ ስልክ ይጠፋል፣ ሌላ ሰው ያየዋል፣ አንዴ የተላከ ደግሞ አይመለስም። ድምጽህን ሰምታ፣ ፊትህን አይታ ብትረዳው ይሻላል።

ሁኔታዋንም አስቀድመህ ማየት ትችላለህ። ቴሌቪዥን ላይ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ሲመጣ ምን ትላለች? ብቻ በአንድ ሳቅ አትፍረድባት። እኔ ባለቤቴ በአንድ የኮሜዲ ፕሮግራም ስትስቅ አይቼ «በቃ ይህቺ አትቀበለኝም» ብዬ ሁለት ዓመት ጨምሬ ዝም አልኩ። በኋላ ስጠይቃት ፕሮግራሙን ጭራሽ አታስታውሰውም።

ምን ብዬ ልጀምር?

«ልነግርሽ የምፈልገው በጣም ከባድ ነገር አለ» ብለህ ዝም አትበል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ካንሰር፣ ሌላ ሴት፣ የተደበቀ ልጅ፣ ዕዳ፣ ሁሉም በጭንቅላቷ ያልፋል። ያልሆነውን ቶሎ ንገራትና ወደ ሆነው ሂድ። እንደዚህ ለምሳሌ፦

«ስለራሴ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሌላ ሴት የለችም፣ አልታመምኩም፣ ልለይሽም አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንዳንዴ የሴት ልብስ መልበስ ደስ ይለኛል። ብቻዬን ስሆን እለብሳለሁ። እየደበቅኩሽ መኖር ስለከበደኝ ነው የምነግርሽ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

ከዚያ ዝም በል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምናበላሸው። ለዓመታት ያፈንነው ስለሆነ አንዴ ሲከፈት አይቆምም፤ ስለ ዊጉ፣ ስለ ሕልማችን፣ ወደፊት ስለምንፈልገው ሁሉ እንዘረግፈዋለን። አንተ ለሃያ ዓመት ያሰብክበትን እሷ ከሁለት ደቂቃ በፊት ነው የሰማችው።

ፊት ለፊት ተፋጥጦ መናገር የሚከብደው ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ሊሞክረው ይችላል። አንድ ወዳጄ የነገራት አብረው ዕቃ ሲያጥቡ ነው። እሷ ብርጭቆ ይዛ ነበር። እሱ ተናግሮ ሲጨርስ ያንኑ ብርጭቆ ደግማ አጠበችው፣ ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ አጠበችው፣ ከዚያ ውሃውን ዘጋችና «ከስንት ዓመትህ ጀምሮ?» አለችው። እጇ ሥራ ላይ ባይሆን ያን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ አታገኝም ነበር ይላል።

«ጥፋት ሠርቻለሁ» በሚል ድምጽ አትናገረው። ይቅርታ የሚጠየቀው ለመደበቁ ነው። ለልብሱ ይቅርታ እየለመንክ ከጀመርክ እሷም ወንጀል እንደሰማች ትቆጥረዋለች።

ለብሼ ባሳያትስ? አይታ ብትገላገል?

አይሆንም። መጀመሪያ ትስማ፣ ማየቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እሷ ስትጠይቅ። ጨርሶ ላትጠይቅም ትችላለች።

«ጌይ ነህ?» ብትለኝስ?

ትልሃለች። አትቆጣ፣ አትሳቅ፣ እውነቱን መልስ። አብዛኞቹ ክሮስድሬሰር ወንዶች የሚወዱት ሴት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶክተርና ቨርጂኒያ ፕሪንስ የ1,032 ክሮስድሬሰር ወንዶችን መልስ ሰብስበው አሳትመው ነበር፤ 87 በመቶዎቹ የሚማርኩን ሴቶች ናቸው ብለዋል፣ 60 በመቶዎቹ ደግሞ በዚያን ወቅት ባለትዳር ነበሩ። እንዲያውም ጀርመናዊው ሐኪም ማግነስ ሂርሽፌልድ ገና እ.ኤ.አ. በ1910 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ የልብሱ ነገርና ማንን እንደምናፈቅር የተለያዩ መሆናቸውን ለይቶ አስቀምጧል።

ወንድም ሴትም የሚማርክህ ከሆነ ግን ይህን ቁጥር ጠቅሰህ እንዳታመልጥ። የምትነግራት ስለራስህ ነው፣ ስለ ሌሎች ሰዎች አይደለም።

«ሴት መሆን ትፈልጋለህ?» ብትልስ?

ይህ ከቀደመው የሚከብድ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም አንድ መልስ የለንም። እንግሊዛዊው የሸክላ ጥበብ ሰው ግሬሰን ፔሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ተርነር የሚባለውን የብሪታንያ የሥነ ጥበብ ሽልማት የተቀበለው ቀሚስ ለብሶ ነው። ባለትዳር ነው፣ ልጅ አለው፣ ባለቤቱ ፊሊፓ ፔሪ ሳይኮቴራፒስት ናት። ራሱን የሚጠራው ትራንስቬስታይት ብሎ ነው፤ ለክሮስድሬሰር የቆየው ቃል ነው። ኮሜዲያኗ ኤዲ ኢዛርድ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ራሷን እንደዚያው ስትጠራ ኖራ በኋላ ትራንስጀንደር መሆኗን፣ ማለትም ስትወለድ የተሰጣት ጾታ የሷ እንዳልሆነ፣ ተናግራለች። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ መንገድ የግድ ወደ ሌላው አይወስድም፣ ግን የሚወስዳቸው ሰዎች አሉ።

ስለዚህ እርግጠኛ ከሆንክ «አይ፣ ወንድ መሆኔ ተመችቶኛል» በል። እርግጠኛ ካልሆንክ «አላውቀውም፣ እያሰብኩበት ነው፣ የሚለወጥ ነገር ካለ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ» በል። እሷን ለማረጋጋት ብለህ የማታውቀውን ነገር አትማልላት።

በሽታ ነው? ሕክምና ሂድ ብትለኝስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው ዝርዝር (ሁሉም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ተሰርዟል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 መመሪያው ልብሱን መልበስ ብቻውን እንደ ሕመም አይቆጥረውም፤ የሚያየው ሰውየው በጣም ሲሠቃይበት ወይም ኑሮው ሲቃወስበት ነው።

አብሮ አማካሪ ጋር መሄድ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ጥሩ ነው። ብቻ «ፈውሱልኝ» ብላችሁ ሳይሆን «መነጋገር አቃተን» ብላችሁ ሂዱ።

ብታለቅስ፣ ወይም ጭራሽ ዝም ብትልስ?

ዝምታው እምቢታ አይደለም። የመጀመሪያው ምሽት ስሜት የመጨረሻው አይደለም፣ ጥሩ የሆነም እንደሆነ። «ችግር የለም፣ ይገባኛል» ብላ አቅፋህ ከሳምንት በኋላ በንዴት የምትነሳ አለች። አንተ ቀልሎህ እንደ ላባ ስትሆን ሸክሙ ወደ እሷ ዞሯልና ነው። በማግስቱ «እንዴት አደርሽ፣ ማውራት ትፈልጊያለሽ?» በል። ካልፈለገች ተወው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግመህ ጠይቅ። ያንኑ ጥያቄ አሥር ጊዜ ብትጠይቅህ አሥር ጊዜ መልስ፣ ሳትሰለች።

ሳልነግራት ዕቃውን ብታገኘውስ?

የኔ ታሪክ ይህ ነው። ብርድ ልብስ ስትፈልግ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ሻንጣ አወረደችው። ውስጡ ጥቁር ታኮ ጫማ አገኘች። እኔ ከሥራ ስገባ ጫማው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሶሉ ወደ ላይ ተገልብጦ። «43 ነው» አለችኝ። መጀመሪያ የሌላ ሴት መስሏት አንድ ሰዓት አልቅሳለች፤ ከዚያ ቁጥሩን አየችው። የሷ እግር 37 ነው። የኔን ቁጥር በደንብ ታውቀዋለች፣ ጫማ ስትገዛልኝ ነው የኖረችው።

ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር። የጓደኛዬ ነው ልል። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ «የኔ ነው» አልኩ። ከወራት በኋላ የነገረችኝን ሳልጽፍ አላልፍም፦ «ጫማውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ሻንጣው ውስጥ ምን አለ ስልህ ‹ባዶ ነው› ያልከኝን ነው።» እንደዚያ ማለቴን እንኳ አላስታውስም ነበር።

ስለዚህ ካገኘችው ያገኘችውን ብቻ አትመን። «ይህ አንዱ ነው፣ ሌላም አለ፣ ቁጭ በይ ልንገርሽ» በል። ዛሬ ጫማ፣ ከወር በኋላ ዊግ፣ ከዚያ ደግሞ ፎቶ ብታገኝ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚያማት።

ለማንም እንዳትነግሪ ልበላት?

እባክህ እዚህ ላይ ቆም በል፤ ከሁሉም በላይ የማስብበት ጥያቄ ይህ ነው። አንተ ምስጢር ነበረህ። ስትነግራት አንተ የምታወራው ሰው አገኘህ፤ እሷ ግን በአንድ ቀን ምስጢር ያዘችና የምታወራው ሰው አጣች። እናቷ ጋ ስትደውል ድምጿን ታስተካክላለች። ጓደኛዋ «ምን ሆነሻል?» ስትላት «ደክሞኝ ነው» ትላለች። አንተ የወጣህበት ቁምሳጥን ውስጥ እሷ ገባች ማለት ነው። ብዙ ሰው ፍቅረኛው «አልተቀበለችኝም» ይላል፣ እኔ ሳየው ግን ብዙዎቹን ያደከማቸው ብቻቸውን መሸከሙ ነው።

ምስጢሩ ያንተ ነውና ማን እንደሚያውቀው መጠየቅ መብትህ ነው። ግን ቢያንስ አንድ ሰው ስጣት። ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ይሁን፣ ወይ አማካሪ፣ ወይ እንደሷ ያለች የክሮስድሬሰር ባለቤት። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ካትስኪል ተራሮች ላይ ካሳ ሱዛና የሚባል ቤት ነበር፤ ክሮስድሬሰሮች ቅዳሜና እሁድ እየሄዱ እንደልባቸው ለብሰው ይውሉ ነበር። ሚስቶቻቸውን ይዘው የሚመጡም ነበሩ። ያን ዘመን አስበው፣ እንዲህ ለብሶ መንገድ ላይ መገኘት በሚያሳስርበት ጊዜ፣ አንዲት ሴት የባሏን ነገር ያለ ሹክሹክታ የምታወራበት አንድ በረንዳ ማግኘቷን።

የኔ ባለቤት የመረጠችው እህቷን ነው። ፈርቼ ነበር። እንዲያውም አልተስማማሁም ነበር፣ ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እሺ አልኩ። እህቷ አልተናገረችም፣ ባለቤቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ መተኛት ጀመረች።

ገደብ ብታስቀምጥስ?

ታስቀምጥ፣ መብቷ ነው፣ አንተም የራስህን ተናገር። «ቤት ውስጥ እኔ ሳልኖር»፣ «አልጋ ላይ አይሁን»፣ «ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይውጣ»፣ «ለልብሱ ይህን ያህል ገንዘብ» ዓይነት ነገሮች ናቸው። ግልጽ ይሁኑ። ከጊዜ በኋላ አብራችሁ እዩዋቸው፤ ሊላሉም ሊጠብቁም ይችላሉ። አንዴ «እሺ» ስላለች በየሳምንቱ ትንሽ እየገፋህ አታድክማት። ዛሬ ስቶኪንግ፣ ነገ ሜካፕ፣ ከነገ ወዲያ ካልወጣሁ ብትላት የተስማማችበት ነገር የት እንዳለ ይጠፋባታል።

«ተወው» ብትለኝ ቃል ልግባ?

የማትጠብቀውን ቃል አትግባ። ብዙዎቻችን ሁሉንም በጥቁር ላስቲክ ቋጥረን ሌሊት አውጥተን ጥለናል፣ «በቃ፣ ተገላገልኩ» ብለን። እኔ ሦስት ጊዜ ጥያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ መልሼ ገዝቻለሁ። መቼ፣ የት፣ ምን ያህል የሚለው ላይ መስማማት ይቻላል። ፍላጎቱ ራሱ ግን በመሐላ ሲጠፋ አላየሁም፣ ቃሉ ሲፈርስ ደግሞ ሁለተኛ ውሸት ይሆናል።

ሃይማኖቷ አይፈቅድም ብትለኝስ?

ሴት የወንድ፣ ወንድም የሴት ልብስ እንዳይለብስ የሚለውን ዘዳግም 22፥5ን ታነብልህ ይሆናል። አትከራከራት፣ በተለይ በዚያ ቀን። ጥቅሱን እንዴት እንደሚረዱት ምእመናንም ሊቃውንትም ይለያያሉ፣ ግን ያ ውይይት የሚሆነው እሷ ስትረጋጋ ነው። ወደ ሃይማኖት አባት መሄድ ከፈለገች ማን እንደሆነ አብራችሁ ምረጡ፣ ምስጢር ጠባቂ ይሁን።

ልጆች ካሉን?

ለልጆቹ ይነገር አይነገር የሚለውን ለብቻህ አትወስን። ልጅን «ለእማማ እንዳትነግሪ» ማለት ግን በፍጹም።

ብትለየኝስ?

ልትለይህ ትችላለች። ይህን ደብቄ ንገራት ብልህ አልወድም። አንዳንዷ ታስብበትና «እወድሃለሁ፣ ግን አልችልም» ትላለች፣ ያ ክፋት አይደለም፣ አንተም በዚያ ምክንያት የማትወደድ ሰው ነህ ማለት አይደለም። በጣም ከከበደህ፣ በተለይ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ፣ በዚያው ሌሊት ለሰው ደውል፣ ብቻህን አትደር።

ለመበቀል ታወጣብኛለች ብለህ የምትሰጋ ከሆነ በንዴት አትመልስ፣ አትዛትባት፣ ዛቻ በጽሑፍ ከላከችብህም አትሰርዘው።

የሷን ልብስ ተደብቄ ለብሻለሁ። ይህንንም ልንገራት?

አዎ፣ እዚያው በመጀመሪያው ወሬ ባይሆንም በዚያው ሳምንት። ብዙ ሴቶች ከሁሉም በላይ የሚያናድዳቸው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ያን ቀሚስ ለብሳ ሠርግ ሄዳበታለች፣ አንተ ደግሞ ትከሻው ላይ ስፌቱን አላልተኸዋል፣ እሷም ወፍሬ ነው ብላ ስታዝን ከርማለች። የትኛውን እንደሆነ ንገራት። ታጥቦ ይመለስ ካለች እጠብ፣ ሁለተኛ አልለብሰውም ካለች ሌላ ግዛላት። ከዚያ የራስህን በራስህ ቁጥር ግዛ፣ የት እንደምታስቀምጠውም አሳያት።